የቴክላ ሳሎን በገና ማግስት

አንቲ ቴክላ ሚንጁትን የማያውቅ የካቶንግ ሰፈር ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ሆድ የለውም! ምግብ ቤታቸው የገዛ ሳሎናቸው ነው። ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ ድምፁ የሻከረ ፒያኖ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባሕሩ በአሸዋ ተሞልቶ ከመራቁ በፊት ጓሮ ውስጥ የተነሱት ፎቶ። ልጅ ሳለሁ ማዕበሉ አጥሩን ሲመታ እየሰማን ነበር የምንበላው። አሁን ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማው መኪና ብቻ ነው። የሳቸው ሳህን ግን አልራቀንም፤ ከቅዳሴ ስንወጣ እግራችን ሳንነግረው ወደዚያ ይዞን ይሄዳል።

አምና ጉልበታቸው ከዳቸው። አንድያ ልጃቸው መርከበኛ ነው፤ ቤት ያለችው ምራታቸው ስዩ ሊንግ ናት፣ የቻይና ቤተሰብ ልጅ። አንቲ ቴክላም ቁርጡን ነገሩን፦ «የገና ማግስት እሷ ታብስል። ከወደዳችሁት ቤቱ የሷ ነው። ካልወደዳችሁት እዘጋዋለሁ።»

የገና ማግስት ደግሞ እኛ የአውሮፓና የእስያ ክልሶች ዘንድ የሰይጣን ወጥ ቀን ነው፤ ከገና የተረፈው ሥጋ ሁሉ በሚያቃጥል ቃሪያ የሚሠራበት። ስዩ ሊንግ ድስቱን ስታወጣ ቀለሙ ፍም ይመስል ነበር፤ ምራቄን ዋጥኩ! የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አንክል ኮስማስ ቀመሱና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዶሮ ትናንት የት ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ከገበያ የገዛሁት» አለች ኮራ ብላ።

«ገናን ያላከበረ ዶሮ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። አንቲ ቴክላም አልሳቁም።

«የትናንቱ ጥብስስ?» አሏት።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። እማማ፣ እንዴት አድርጌ ለእንግዳ ትርፍራፊ ላቅርብ? እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች!»

«ማነው እንግዳው?» አሉ አንክል ኮስማስ ባርኔጣቸውን እያነሱ። «ጠብቂኝ!»

ቤታቸው ጎረቤት ነው። ጥቂት ሥጋ የተረፈበት የአሳማ ጭን አጥንት በፎጣ ጠቅልለው ተመለሱ። ያኔማ ማን ይቀመጣል! እኔም ለራት የደበቅኩትን ግማሽ ዳክዬ ይዤ መጣሁ። ሌላው ቋሊማ፣ ሌላው የተጠበሰ ድንች። ስዩ ሊንግ የሁላችንን ገና ታቅፋ ወደ ማድ ቤት ገባች። አንቲ ቴክላ ሊነሱ ሲሞክሩ አንክል ኮስማስ ትከሻቸውን ያዙ።

«ቁጭ በይ ቴክላ! ዛሬ አንቺም ተስተናጋጅ ነሽ።»

«አቼቶውን መጨረሻ ላይ ካልጨመረች...»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

ተመልሰው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ግን ከማድ ቤቱ በር አልተነቀለም። ከዚያ አቼቶውና ሰናፍጩ ትኩሱ ድስት ላይ ሲያርፍ ሽታው ሳሎኑን ሞላው። ልማልላችሁ፣ የሞተችው እናቴ በመጋረጃው በኩል ብቅ የምትል መሰለኝ! የአክስቶቼ ልጆች ለመጨረሻዋ ቋሊማ ሲጣሉ፣ አባቴ ላቡን በክራባቱ ሲጠርግ፣ ሁሉም ታየኝ።

ወጡ ቀረበ። የሚሰማው በቃሪያው የተነሳ አፍንጫ ሲሳብ ብቻ ነው። ሁላችንም አንቲ ቴክላን እናያለን። እሳቸው በዝግታ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ አጥንቱን አነሱና እንደ ልጅ መጠጡት። ስዩ ሊንግ ሽርጧን ጨብጣ ቆማለች።

አንቲ ቴክላ እጃቸውን በናፕኪን ጠርገው ቀና አሉ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?» ብለው ጠየቋት።