ቀይ ቀለም ለማን ይገባል

ፕሮግራመር ነኝ፤ ንፋስ መውጫ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። በኮዴ ማንም አያማኝም። መልክ ማሳመር ላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የለሁበትም ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ማር አምራች ሴቶች ማኅበር ድረ ገጽ ነበር። ይህ ካልሆነልኝ ጓዜን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ልገባ ቆርጫለሁ፤ አገሬን መልቀቁ ደግሞ ሆዴን ይበላኛል። እናም ገጹን በቀይ በቀይ አንቆጠቆጥኩት። ባዶ ቦታ ካየሁ እጄ አያርፍም። ሊቀ መንበሯ ስልካቸው ላይ ከፍተው ወደ ላይ ወደ ታች አሉና፣ "እሺ፣ ማር የፈለገ ሰው የቱን ይንካ?" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ፊታቸው ላይ አይደል እንዴ ያለው!

"እስከ ሳምንት ካልተስተካከለ ለሌላ እንሰጠዋለን" አሉ።

አጎቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ብራና ላይ ሲጽፉ ኖረው አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም። ሄጄ ብሶቴን ዘረገፍኩ፣ ጓዜን መሸከፌንም ጭምር። ስልኬን ራቅ አድርገው አዩና በሳቅ ፈረሱ።

"አንተ! ሁሉን ቅዱስ አደረግኸው እኮ!"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"እኛ ቀይ የምንነክረው ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። ሁሉም ቀይ ከሆነ አንባቢው የቱን ይሳለም?"

ከማኅደሩ አንድ የብራና ቅጠል አወጡ። ፊደል ሳይነካው በወስፌ ተወግቶ ተሰምሯል፤ ዙሪያውን ሰፊ ኅዳግ ተትቶለታል።

"ይሄ ሁሉ ባዶ ሲቀር አያሳዝንም?" አልኳቸው።

"ፍየል ታርዶለታል፣ እንዴት አያሳዝን! ግን ዓይን ማረፊያ ካጣ ልብም አያነብ።"

ቤቴ ገብቼ ሁሉንም አጠፋሁት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ አሰመርኩ፣ ኅዳግ ተውኩ፣ ጽሑፉን ሁሉ ጥቁር አደረግኩ። "ማር ይዘዙ" የሚለውን ብቻ ቀይ።

ሊቀ መንበሯ ዘንድ ስመለስ ምንም እንዳልጠቁማቸው ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። አውራ ጣታቸው ቀጥ ብሎ ቀዩ ላይ አረፈ።

"ታዲያ ይሄን መጀመሪያ ምን ከለከለህ?" አሉ። ወይ እኚህ ሴትዮ! ሳቄ መጣ፤ እንባዬም እንዲሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ ያኔ ዝም ብለው ቢያሞግሱኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ከዚያ በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄጄ ስልኩን ዘረጋሁላቸው።

"ፊደሉስ አይታየኝም" አሉ። "ቀዩ ግን አንድ ነው፣ አይደል?"

"አንድ ነው፣ የኔታ።"

"እንግዲያ ጓዝህን ፍታ።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።