በመጽሔቱ ውስጥ የሞተችው ሴትዮ

የዩኒቨርሲቲውን የአጭር ልቦለድ መጽሔት ያዋለደችው እሷ ናት ቢባል ውሸት አይደለም። አርታኢዎች መጡ፣ አርታኢዎች ሄዱ፤ ታይፒስቷ ግን መስኮቱ አልዘጋ ካለ ክፍሏ ንቅንቅ አላለችም። ተማሪዎቹ «እትዬ» ይሏታል። የመጽሔቱን ታሪክ የጻፉት ምሁራን ስሟን አንድም ቦታ አላነሱትም፤ ይቅር፣ እሱስ አላንገበገባትም።

ያንገበገባት ሌላ ነው። ያኔ መጽሔቱ የሚጠረዘው በእጅ ነበር። ገጾቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ሁሉም ዙሪያውን እየዞረ አንድ አንድ ያነሳል፤ እየዞሩም ወሬ ይሰልቃሉ። አንድ ቀን እሷም የሆዷን ዘረገፈችው፦ ሳታገባ ወልዳ ለእህቷ የሰጠቻት ልጅ፣ እህቷን «እማዬ»፣ እሷን «አክስቴ» እያለች አፏን መፍታቷን። ከሚጠርዙት ተማሪዎች አንዱ ጆሮ ብቻ ሆኖ ሰማ። ለሚቀጥለው እትም ወሬዋ ልቦለድ ሆኖ መጣላት፤ እሷን ልብስ ሰፊ አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ ምስጢሯን እንደያዘች ገድሏታል። ተየበችው። ምን ታድርግ? ሥራዋ ነው።

አይ የጽሑፍ ሰው! ከሰው ሆድ ዘርፎ ጭብጨባውን ለብቻው! ያ ተማሪ በዚያች ልቦለድ ስም አተረፈ፣ መምህር ሆነ፣ ቆይቶም የመጽሔቱ አርታኢ። ዘንድሮ ለሃያኛው ዓመት ልዩ እትም ድጋሚ ሊያወጣት ሲነሳ፣ እትዬ ቢሮው ድረስ ሄዳ ለመነችው።

«ልጄ እዚሁ ግቢ ገብታለች፤ ታነበዋለች። በአፌ ሳልነግራት ከወረቀት አትስማው። በሞቴ፣ ይቺ ትቅር!»

«እትዬ ደግሞ! እሷን ትተን የምን ታሪክ አለን?» አለና የድሮውን እትም አስታቀፋት። እሷም ለሁለተኛ ጊዜ የገዛ ሞቷን ተየበች።

እንግዲያው እትሙ ሳይወጣ ለልጇ ልትነግራት ቆረጠች። ዛሬ ነገ ስትል፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ መጽሔቱ ቀደማት። ልጅቷ አንድ ቅጂ ይዛ ከች አለች።

«አክስቴ፣ የዚችን ልብስ ሰፊ ታሪክ አንብበሽዋል?»

«አዎ... እኔው ነኝ የተየብኩት።»

«ምን ዓይነት ጨካኝ ናት በናትሽ! ልጇን እያየች፣ እንደ ባዳ ዝም? እኔ ብሆን ዓይኗን ማየት አልፈልግም። ደግ አደረገ ገደላት!»

እትዬ የተገለጠውን መጽሔት ከልጅቷ እጅ ወሰደች። መልሳ ዘጋችው።

«ውይ፣ ልረሳው! እማዬ እራት ትምጣ ብላለች» አለች ልጅቷ ጉንጯን እየሳመቻት።

«እሺ፣ አክስቴ ትመጣለች በያት» አለች እትዬ።