በቀይ ክር የተሰፋው የመኖ ጆንያ

ዛሬ ደብረ ብርሃን መኖ ቤት ውስጥ የራሴን ጆንያ አገኘሁት። ጥጉን አይጥ በልታው በቀይ ክር የሰፋሁት እኔው ነኝ። አሁን እስከ አፉ ሞልቶ ለሽያጭ ቆሟል።

ሰሞኑን ላሜ ወተቷ ቀንሶብኝ የእንስሳት ሐኪሟን አማክሬያት ነበር።

"ፋይበር የሚሉት ገለባነቱን ነው" አለችኝ። "እሱንማ ከቤትሽ ድርቆሽ ታገኘዋለች። ለምትታለብ ላም መኖ ስትገዢ ጆንያው ላይ የታተመውን አንብቢ፤ ፋይበሩ ከበዛ ተዪው።"

እኔም አንባቢ ሆንኩላችሁ! ቁጥሩ ዝቅ ያለውን መርጬ ገዛሁ። ኩራቴ አይጣል ነው። ወተቱ ግን ጭራሽ ባሰበት።

ዛሬ ምክንያቱን ልጠይቅ ስሄድ ነው ቀዩን ክር ያየሁት።

"ጋሽ ተካ፣ ይሄ ባዶውን የሸጥኩልዎት ጆንያ አይደለም እንዴ?" አልኩ ባለ ሱቁን።

"ነዋ! የሁላችሁንም እኮ እንገዛለን። ጆንያ ከየት ይመጣል ብለሽ ነው?"

"ታዲያ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍስ?"

"እሱ ድሮ የነበረበት መኖ ነው። ይሄንን እኛ ነን የቀላቀልነው። ፋይበሩን ማን ለክቶት!"

ተናድጄ ወደሚቀጥለው መኖ ቤት ሄድኩ። እዚያም ጆንያው ሁሉ የተጣፈ ነው። ላሟ ጾሟን አታድርም፤ ተመልሼ ከጋሽ ተካ ገዛሁ።

ሲሸኙኝ "ባዶውን እንዳትጥዪው" አሉኝ።

ለሚ ከተማም ሆነ ሰላ ድንጋይ ያላችሁ ላም አርቢዎች፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው? ቀይ ክር ያለበት ጆንያ ከደረሳችሁ የኔ ነው። ውስጡ ያለውን ግን እኔም አላውቀውም።