ዋሴ የደበቃቸው ጣቶች

ክረምቱ ሊገባ ሲል መተማ ዮሐንስ ውስጥ እንደ ዋሴ የሚፈለግ ሰው የለም። የሰሊጥ ባለሀብቱ ሁሉ የትራክተሩን ማረሻ ዲስክ ጭኖ ከኸሊል ጋራዥ ይሰለፋል፤ ዋሴ ደግሞ የብረት መሳያውን ማሽን፣ ግራይንደሩን አስነስቶ የዶለዶመውን ምላጭ ያደርገዋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ኖረ። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ እጁም እስከ ትከሻው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ካጠፋውም በኋላ ንዝረቱ ክንዱ ውስጥ ይቆያል።

ዘንድሮ ግን ጣቶቹ ከዱት። መጀመሪያ ደነዘዙ፤ ብሎን ያነሳል፣ ብሎኑ ይወድቃል። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነበት። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነገር በነካ ቁጥር ሦስቱ ጣቶቹ ደማቸው ምጥጥ ብሎ ይነጡ ጀመር። ይህን ጉድ ለማን ይናገሩታል? ሰው በሙቀት ሊቀልጥ በደረሰበት አገር "ጣቴን በረደኝ" የሚል ይሳቅበታል። ዋሴ ራሱ ግን አልሳቀም። ስለሚደነዝዝና ስለሚነጣ ገላ በልጅነቱ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥጋ ደዌ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ የዋህ ግን ደበቀ። ከሚስቱ ከውባንች ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተወ፤ "ጋራዥ በልቻለሁ" ይላታል። ሌሊት በሚተኙበት ግቢ ውስጥ ከእሷ አልጋ ጎን የነበረውን አልጋውንም በሙቀቱ አሳብቦ ወደ አጥሩ ወሰደው። ሊያድናት ብሎ አንጀቷን አቃጠለው። ውባንችማ ድንበሩን ወደ ሱዳን፣ ገላባት ድረስ ተሻግሮ የሚያያት ሴት እንዳለችው እርግጠኛ ሆነች።

አንድ ቀን በቀትር፣ ፊት ለፊት ልትጠይቀው ጋራዡ ድረስ ሄደች። ልክ ስትደርስ ኸሊል በረዶ የሞላበት ጆግ ለዋሴ አቀበለው። ጆጉን የጨበጡት ጣቶች ዓይኗ እያየ ነጡ።

"አትጠጊኝ!" አላት ዋሴ። "ሥጋ ደዌ ይዞኛል።"

"ለዚህ ኖሯል እንዴ የሸሸኸኝ?" እጁን ለቀም አደረገችው። "እኔ እኮ ሴት ይዘህ መስሎኝ አለቅሁ!" እያለቀሰችም እየሳቀችም ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ነርሷ እፀገነት ገላውን አገላብጣ አየች፤ ዓይኑን አስጨፍና ጣቶቹን በጥጥ ነካካች፤ ስለ ሥራውም ጠየቀችው።

"ጋሼ ዋሴ፣ የሥጋ ደዌ ምልክት አላየሁብዎትም። ቢሆንም ኖሮ መድኃኒት አለው፤ ከሚስት አያስለይም። ይህ የማሽኑ ንዝረት ነው፤ የጣትዎን የደም ሥርና ነርቭ ጎድቶታል። ሐኪሙም ያይዎታል፤ ግራይንደሩን ግን ከዛሬ ጀምረው ይተዉት፤ አለዚያ ይብስብዎታል።"

"ብተወው ይድናል?"

"መንጣቱ ሊቀንስ ይችላል። መደንዘዙን ግን ይለቃል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።"

ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ዋሴ ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም። "እጄ ነበር የሚያበላን፤ ያለ እሱ ምን እረባለሁ?" አላት።

"ብረቱን በዓይንህ ታውቀው የለም? አንተ አሳይ፣ ሌላው ይሳል። ኸሊልን እኔ አነጋግረዋለሁ። እምቢ ካለም አብረን የምንሞክረው አናጣም።"

ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው በሚተራመስበት መንገድ ላይ፣ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው መሄድ ባልለመዱበት ከተማ፣ እጁን ያዘችው። ጣቶቹ ደንዝዘው ስለነበር፣ ዋሴ መያዟን ያወቀው ዝቅ ብሎ አይቶ ነው።