ቦቢ ፈተናውን አለፈ

ውሻ ከሰው ጋር አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ መጓዝ ይችላል አይችልም ብሎ መመስከር የእኔ እንጀራ ነው። ክሊኒኬ ካዛንቺስ ነው፤ ማለቴ፣ ከካዛንቺስ በተረፈችው ጥግ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ታደሰ፣ የድሮ ጎረቤቴ፣ ውሻቸውን ቦቢን ይዘው መጡ። ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እንደደረሳቸው ሰምቻለሁ።

"የት ሊሄዱ ነው ጋሼ?"

"ሩቅ ነው ልጄ" አሉና የሰጠኋቸውን የጉዞ ፎርም ሞልተው፣ አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

ቦቢ ለፈተናው ያቀረብኩለት የውሻ መጓጓዣ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ውጭ ኤክስካቫተሩ ግድግዳ ሲንድ ጆሮውን እንኳ አላቆመም። በቃ፣ ለምዶታል።

"የቀረው ባለቤቱ ሲርቀው መጮሁ አለመጮሁ ነው። አስር ደቂቃ ውጭ ይጠብቁኝ" አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ራሱን ዳበሱት። "አደራ፣ እንዳትጮህ" ብለውት ወጡ።

አልጮኸም። በሩን እያየ ተቀመጠ። አስሩ ደቂቃ አልፎ ልጠራቸው ስወጣ ጋሽ ታደሰ የሉም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። በመጨረሻ ስልካቸውን ፍለጋ ፎርሙን ዘረጋሁት።

የስልኩ ቦታ ባዶ ነው። "ከውሻው ጋር የሚጓዘው ሰው" በሚለው ላይ ግን፣ ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለው የሥራ ፈቃድ አይተው፣ የእኔን ስም ከነአያቴ ጽፈውታል።