የጋሽ ዑስማን ጀልባ ለምን ተሰነጠቀች

ጋሽ ዑስማን ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ አራዳ በሚገኘው ቤታቸው አርፈው፣ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ሸኝተናቸዋል። ቀብሩ ላይ መናገር የነበረብኝን ነገር መናገር አቃተኝ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ምጽዋ ተወልደው፣ የእንጨት ጀልባ በእጅ መሥራትን ከአባታቸው ተምረው፣ በጎልማሳነታቸው ፒያሳ የገቡ ባለሙያ ነበሩ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው አልጋና ቁም ሣጥን እየሠሩ ኖሩ። የእድራችን አግዳሚ ወንበር በተሰበረ ቁጥር ማንም ሳይጠራቸው መዶሻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ጀልባ የሚያዝዝ ሰው ሲገኝ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ንድፍ አያውቁም፤ በስንዝርና በገመድ ለክተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ጣውላውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። አላፊ አግዳሚው «ጋሼ፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው?» ሲላቸው፣ «እናንተ ባሕሩን አምጡ፤ እኔ ዝግጁ ነኝ» ይሉ ነበር።

የመጨረሻ ጀልባቸውን ለዝዋይ አሣ አጥማጆች ሲሠሩ እያገዝኳቸው አብሬያቸው ነበርኩ። ዕድሜዬ ከሠላሳ ዓመት ያለፈ፣ በቁም ሣጥን ሥራዬ የምኩራራ አናጢ ነኝ። እርሳቸው በጣውላና በጣውላ መካከል ቀጭን ክፍተት ይተዉና በሰሊጥ ዘይት የተነከረ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል። «እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ መፈናፈኛ ስጠው» ብለውኛል። ለእኔ ግን ክፍተት የአናጢ ነውር ነው። እርሳቸው ታመው በተኙበት ሳምንት የአንዱን ጎን ጣውላዎች በመላጊያ ልጌ፣ ምላጭ እንኳ እንዳያስገቡ አድርጌ ገጠምኳቸው። ጎኑን ቀለም ቀባሁት፤ ሲመለሱም አልነገርኳቸውም።

ጀልባዋ ሐይቁ ላይ በዋለች በሦስተኛው ቀን ያ ጎን ተሰነጠቀ። አብረን ሄድን። ጋሽ ዑስማን ስንጥቁን ዳስሰው አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ አጥማጆቹ ዞሩና «አርጅቻለሁ፤ እጄ ሳተ። እንደገና እሠራዋለሁ» አሏቸው። ጎኑን በሙሉ ፈትተው መልሰው ሠሩት።

ከዚያ ወዲህ ጀልባ ያዘዛቸው ሰው የለም። ሰፈሩም «ጋሼ ደከሙ» አለ። ለምን እንደሸፈኑልኝ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ገና ብዙ ትሠራለህ፤ እኔ ጨርሻለሁ» ብለው ወደ መጋዛቸው ተመለሱ።

ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «በመጨረሻ እጃቸው ከድቷቸው ነበር» ሲባል ሰማሁ፤ አሁንም ዝም አልኩ። በራሴ አፈርኩ። ይቅር ይበሉኝ፤ ነፍስዎን በገነት ያኑራት። ያቺን ጀልባ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። የእርስዎ እጅ አንድም ቀን አልሳተም።