ተራዬን ልመልስ አንኮበር ወጥቼ

ከላምበረት መናኸሪያ

የኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ወደ አንኮበር የምሄደው ተራዬን ልመልስ ነው። አባታችን የጀመረው የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። ዘመድ ስለተበታተነ እንደ ሌላው ማኅበር በየወሩ አንሰበሰብም፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ባለተራው ቤት እንገናኛለን። በልተን ጠጥተን ስናበቃ ደጋሹ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባል። የተረከበው ሰው ጽዋውን ዓመቱን ሙሉ ቤቱ አስቀምጦ በዓመቱ ይደግሳል። ዘንድሮ ደጋሹ አንኮበር ያለው ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ተፈራ ነው። ለከርሞ የምረከበው እኔ ነኝ።

ችግሩ ከርሞ የምትለዋ ቃል ናት። የኦቫሪ ካንሰር ታማሚ ነኝ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ አሁን ኬሞ እየወሰድኩ ነው። በየዙሩ ደም እሰጣለሁ፤ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ሲኤ-125 የሚሉት ነው። ካንሰሩ ሲበረታ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ሲደክም ይወርዳል። ከሠላሳ አምስት በታች ደግ ነው ተብያለሁ። የእኔ ከብዙ መቶ ተነሥቶ ሃያ ሁለት የገባ ቀን ቤቱን በዕልልታ አቀለጥነው። ቀጥሎ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ሰባ አንድ።

«መጨመሩን አልወደድኩትም» አለች ዶክተሯ፤ የማትዋሽ ሴት ናት። «ግን ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። በሚቀጥለው ሳምንት ሲቲ ስካን ትነሺና መድኃኒቱን እንቀጥል ወይስ እንቀይር ያኔ እንወስናለን።» አንኮበር ልሂድ ወይ ስላት ፈቀደችልኝ፤ ጥሬ ሥጋ እንዳልቀምስ፣ ከሰው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳልጠጣ፣ ትኩሳት ከተሰማኝ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት እንድሄድ አስጠንቅቃ።

ቁጥሩን ከልጄ ከሰላም በቀር ማንም አያውቅም። ቀን ደህና ነኝ፤ ማታ ጋደም ስል ግን የሚቀጥለው ስንት ሊሆን ነው እያልኩ ስደምር ስቀንስ እንቅልፌ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ የዓመት ጽዋ መረከብ ሚካኤልን ማታለል መሰለኝ። ስለዚህ ተራዬን በጊዜ ልመልስና ይረፉ፣ ልረፍ አልኩ።

ላምበረት ስደርስ የሚኒባሱ ረዳት አየት አደረገኝና «ማዘር፣ አንቺ ከፊት ግቢ!» አለኝ። ሌላ ጊዜ ከረዳት ጋር ሳልጣላ ተሳፍሬ አላውቅም። ሻሼንና የረገፈውን ቅንድቤን አይቶ ነው። ቅንድብ ማጣትም ለካ ጥቅም አለው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁላችንም በየስልካችን ጠይቀን አረጋገጥንና ተነሣን። እስከ ለገጣፎ ድረስ በየደጁ ቆሻሻ ተከምሯል፤ ኅዳር ሲታጠን ሊቃጠል ነው። ከዚያ ጭስ ማምለጤ ብቻውን ለሳንባዬ አንድ ጉዞ ነው።

ጫጫ

ሸኖ ላይ የቅቤው ሽታ በመስኮት ሲገባ ሰላም የሰጠችኝን ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ይዤ አለፍኩ። ድሮ ሸኖን ቅቤ ሳልገዛ አላልፋትም ነበር። ጫጫ ለቁርስ ቆምን። በደንብ የበሰለ እንቁላል ከዳቦና ከሻይ ጋር መቶ ሠላሳ ብር። ስንዴው ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ ፀሐዩ ደግሞ ያለ ሙቀት የሚያበራው የኅዳር ፀሐይ ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ሰውን የማየው ከጠርዙ ጀምሬ ነው። የረዳታችን ጃኬት ብብቱ ሥር ተተርትሯል። አፌ ላይ «አምጣው ልስፋልህ» የምትል መጣችና ጣቶቼን አስታወስኳቸው። ኬሞው ጫፋቸውን አደንዝዞታል፤ መርፌ ልያዝ አልያዝ ሳላይ አላውቅም። ዝም አልኩ። ይኸኛው ዝምታ ከቁጥሩ እኩል አናደደኝ።

ደብረ ብርሃን

ያደርኩት ብርቱካን ቤት ነው። ብርቱካን የአጎቴ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ታንሰኛለች፣ ደብረ ብርሃን የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላት። በማኅበሩ ከእኔ ቀጥሎ ባለተራዋ እሷ ናት። ሐሳቤ ማታውን ለምኛት ቦታ እንድንቀያየር ነበር። ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ለእራት ቀረብኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ የደነዘዘ እግር ሲያገኝ ጨርሶ አያዝንም።

አሁን ልጀምር ስል እሷ ቀደመችኝ።

«እትዬ የሺ፣ ድካሙ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ። ምነው?»

«አይ፣ ድግስ ምናምን ሲባል ማለቴ...» ብላ ሽሮ ጨለፈችልኝ።

«ሱቁስ?» አልኳት እኔም።

«ሱቁ ደህና ነው።»

እሷ የሆነ ነገር ልትለኝ ፈልጋለች፣ እኔም ልላት ፈልጌያለሁ፤ ሁለታችንንም ይሉኝታ ይዞናል። ሽሮውን እያሞገስን እራቱ አለቀ። ጠዋት ሻይ ስንጠጣም ስለ ብርድ አወራን። ከዚያ ተያይዘን ወደ አንኮበር መኪና ሄድን።

ጎረቤላ

ሚኒባሱ በበዓል ሰው ጢም ብሏል፤ ጣሪያው ላይ ሁለት በግ ታስሯል። ከከተማው ስንወጣ ሜዳው ላይ ገብስ ያጭዳሉ፤ በየቤቱ ጎን ኩበት እንደ ግንብ ተደርድሯል። ገደሉ ጫፍ ስንቃረብ ጭላዳዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ መኪናው ሲያልፍ ቀና ብለውም አላዩን። ከዚያ በኋላ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከታች ቆላው እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል።

የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ናት። ከመኪና ወርደን ወደ ጋሽ ተፈራ ቤት ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ቆሜ ወጣሁት። ትንፋሼን ስሰበስብ መንገደኛው አገር የምመለከት መሰለው። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም አጠገቤ ቆሙና «ያምራል፣ አይደል?» አሉኝ። «በጣም» አልኳቸው፤ እውነትም ያምር ነበር።

ጋሽ ተፈራ በር ላይ ጠበቀኝ። ጉንጬን ሳመኝ፣ ትከሻዬን ዳሰሰኝ፣ ክብደቴን በእጁ መዘነ።

«ከስተሻል።»

«አንተም አርጅተሃል፣ ጋሼ።»

ሳቀ። ግን እስኪመሽ ድረስ ዐይኔን አላየኝም። ነገሩን ለእሱ ለብቻው ልነግረው ሁለቴ ጠጋ አልኩ፤ ሁለቴም በግ ልይ እያለ ሸሸኝ። ሁለተኛው ላይ የሚያይ በግ እንኳ አልነበረም፤ የድግሱ በጎች ታርደዋል።

የሚካኤል ዕለት

ታቦቱ ከገባ በኋላ በጋሽ ተፈራ ዳስ ውስጥ ተሰበሰብን። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ መምሬ ኃይሉ ናቸው፤ የቤተሰቡ የነፍስ አባት። ጸሎት አድርሰው ድፎውን ባርከው ቆረሱ። ሌላው ቁርጡን ሲያወርደው እኔ በተጠበሰው በግ ተጽናናሁ። ከዚያ ጽዋው ወጣ። ጥቁር የሸክላ ዕቃ ነው፣ ክዳን ያለው። የለበሰውን ሐምራዊ ከፈይ ከብዙ ዓመት በፊት የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ጠርዙ አንድ ጎኑ ላይ መተርተር ጀምሯል፤ ያየሁትም እኔ ብቻ ነኝ።

ጠላው ተሞልቶ ሁሉም በየተራው እየተነሣ ጠጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ጋሽ ተፈራ «እሷ ትለፍ፤ ሐኪም ከልክሏታል» አለ። መምሬ በመስቀላቸው ግንባሬን ባረኩኝና አለፉ። ደስ አለኝ። ሳልጠይቅ ተረድተውልኛል።

የመጨረሻው ሰው ጠጥቶ ጽዋው ታጥቦ ልብሱን ለበሰ። ጋሽ ተፈራ ተሸክሞት ቆመ። እኔም ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እሱ ግን እኔን አልፎ ሄዶ ብርቱካን ፊት ቆመ።

«ለከርሞ ብርቱካን ትረከባለች። የሺ ታማብናለች፤ አናስጨንቃት ተባብለናል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለዳሱ ምሰሶ። ብርቱካን አንገቷን ደፋች። የሽሮው ወሬ ያኔ ገባኝ።

ይኸው፣ የመጣሁበት ጉዳይ ሳልናገር ተፈጸመልኝ። አመስግኜ መቀመጥ ነበረብኝ። ግን አልቻልኩም። ጠላውን ሲያሳልፉኝ ለሕመሜ አሰቡልኝ፤ ከርሞን ሲያሳልፉኝ ግን መርዶዬን በቁሜ የሰማሁ መሰለኝ።

«ምነው ሸዋ!» አልኩ ተነሥቼ። «ሰው ሳይጠየቅ ተራው ይሰጣል?»

«ለአንቺ ብለን ነው እኮ፣ የሺ» አለ ጋሽ ተፈራ።

«አውቃለሁ ለእኔ ብላችሁ ነው!»

መምሬ እጃቸውን አነሡ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ምን ሆነሻል ልጄ? ንገሪን።»

ልደብቅ አልፈለግሁም፣ ደክሞኛል። «የደም ምርመራዬ ጨምሯል» አልኩ። «ወርዶ ነበር፣ ሁለቴ ተከታትሎ ጨመረ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምርመራ አለኝ። እኔም የመጣሁት ተራዬን ልመልስ ነበር። ከርሞ መኖሬን ስለማላውቅ። አሁን ግን አልመልስም። ፈርቻለሁ፣ ግን አልመልስም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጋሽ ተፈራ ጽዋውን እንደያዘ ወደ መምሬ ዞረ።

«እንግዲህ» አሉ መምሬ ሰውን ሁሉ እየቃኙ፣ «ከርሞን የጨበጠ ሰው ካለ ይነሣና ጽዋውን ይውሰድ።»

ማንም አልተነሣም። ብርቱካን እንኳ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ከሌለ እንደ ወትሯችን ካደረሰን ብለን ለባለተራዋ እንስጥ። አባቷ የተረከበውም ካደረሰን ብሎ ነበር፤ እኔም፣ ተፈራም።»

ጋሽ ተፈራ ተመልሶ መጣ። ዐይኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ «ለምን ደበቅሽን?» አለኝ።

«እናንተስ ተራዬን ስትሰጡ ለምን ደበቃችሁኝ?»

«ታመሽ ማን ይደግስልሻል?»

«እናንተ ናችኋ!»

ብርቱካን መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፤ እኔም ሁለቱንም አደረግሁ። ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጣቶቼ ከፈዩን አልተሰማቸውም፣ ክብደቱ ግን ክንዴ ላይ ተሰማኝ። ሴቶቹ ዕልል አሉ።

መመለሻ

በማግስቱ የተሳፈርኩት ከአልዩ አምባ የመጣ ሚኒባስ ላይ ነው። ረዳቱ ጽዋውን ጣሪያ ላይ ልስቀለው ሲል አንዲት ሴት ከውስጥ ጮኸችበት። ወይዘሮ ዘሃራ ትባላለች፤ ማሾና ሎሚ ወደ ደብረ ብርሃን የምታወጣ ነጋዴ።

«የማኅበር ዕቃ ነው እንጂ፣ አታይም? ወዲህ በይው እህቴ፣ ማሾዬ ላይ አስቀምጪው። አያጋጨውም።»

እውነትም እግራችን ሥር ባለው የማሾ ከረጢት ላይ ጽዋው እንደ ሕፃን ተኛ። ኮረኮንቹ ሲያነጥረን ሁለታችንም በአንድ አንድ እጅ ያዝነው።

«ድግሱ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ከርሞ። እኔ ነኝ የምደግሰው።»

«ኢንሻአላህ በይ እንጂ!»

«ካደረሰን ብዬ ነው የተረከብኩት።»

«አሚን። አላህ ያድርስሽ።» ፊቴን አየች። «ቅንድቡ ይበቅላል፣ አታስቢ። የእህቴም በቅሏል።»

«እህትሽ አሁን እንዴት ናት?»

«ሰርግ ሲኖር ትጨፍራለች፣ ሲያማት ትተኛለች። ቁጥር ወጣ፣ ቁጥር ወረደ ስትል ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።»

ድኛለች አላለችኝም፤ ለዚህ ነው ያመንኳት። ደብረ ብርሃን ስንወርድ ሎሚ ለመንገዴ ሰጠችኝ። ሱቋን ልትከፍት በሌሊት ቀድማኝ የተመለሰችው ብርቱካን የአዲስ አበባውን መኪና ይዛ ጠበቀችኝና በመስኮት «ጠላውን የምጠምቀው እኔ ነኝ፣ እንዳትረሺ» አለችኝ።

ቤት

አመሻሹ ላይ ቤቴ ገባሁ። ሰፈሩ ገና የቃጠሎ ጭስ ይሸታል። ይህን ስጽፍ ሲቲ ስካኑን አልተነሣሁም፤ ሰባ አንድም ሰባ አንድ ነው፣ መንገድ አልቀነሰውም። ፍርሃቱም አብሮኝ ተመልሷል። አሁን ግን ዘመዶቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ጋሽ ተፈራ ለምርመራው ቀን እመጣለሁ ብሎ ዝቷል። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ የፈራሁት ቁጥሩን ብቻ አልነበረም፣ ቁጥሩን አይቼ ራሴን ቀድሜ ከሰልፉ ማውጣቴንም ጭምር ነበር። ዶክተሯ የምትወስነው መድኃኒቱን ነው፤ ተራዬን የመልቀቅ ሥልጣን የሰጣት የለም፣ ለእኔም ቢሆን የሰጠኝ የለም።

ሰላም ጽዋውን ተቀብላኝ ልብሱን አየች፤ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ተተርትሯል» አለች።

«አይቼዋለሁ። አንቺ መርፌው ላይ ክር አስገቢልኝ፣ እኔ ቀስ እያልኩ እሰፋዋለሁ።»

ቡፌው አናት ላይ ልታወጣው ወንበር ሳበች።

«እዚያ አይደለም። ዝቅ አድርጊው።»

«ይሰበራል እኮ።»

«ኬሞ የወሰድኩ ሰሞን ክንዴ አይነሣልኝም» አልኳት። «እኔ የምደርስበት ቦታ አስቀምጪው።»